ሁለቱንም ወይም ምንም፦ ጥቅል ለሚፈልግ ተጫራች ጨረታ እንዴት ይነደፋል?

ጨረታ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይናችን ላይ የሚመጣው አንድ ዕቃ፣ ጥቂት ተጫራቾችና የአጫራቹ መዶሻ ነው። ዋጋ ይጠራል፣ ይጨመራል፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ሰው ይወስዳል። ቀላል ነው። ቀላል የሚሆነው ግን የሚሸጠው ዕቃ አንድ ሲሆን ወይም ዕቃዎቹ እርስ በርስ ምንም ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው።

እስቲ አንድ ያገለገለ ካሜራና ለእሱ የሚሆን አንድ ሌንስ በጨረታ ይሸጡ እንበል። ለየብቻ፣ አንዱ ከሌላው በኋላ። ሦስት ሰዎች መጥተዋል። የመጀመሪያዋ ፎቶ አንሺ ናት። ልትሠራበት ስለሆነ ሁለቱም ካልተገኙ አይጠቅማትም። ለሁለቱ አንድ ላይ እስከ 100 ትከፍላለች። አንዱ ብቻውን ግን ለእሷ ዋጋው ዜሮ ነው። ሁለተኛው አሮጌ ካሜራ የሚሰበስብ ሰው ነው። ሌንስ አይፈልግም፤ ለካሜራው ግን እስከ 60 ይሄዳል። ሦስተኛው ቤቱ ካሜራ አለው፣ ሌንሱ ተሰብሮበታል። ለሌንሱ እስከ 55 ይሰጣል፤ ባለ ሌንሱ እንበለው። ቁጥሮቹን በፈለጋችሁት ገንዘብ አስቧቸው፤ እነዚህ ሦስት ሰዎች እስከ መጨረሻው አብረውን ይቆያሉ።

መጀመሪያ ካሜራው ቀረበ። ፎቶ አንሺዋ የሌሎቹን ልብ አታውቅም። ሰብሳቢው 60 ሲል እሷ 61 አለች፣ አሸነፈችም። ቀጥሎ ሌንሱ መጣ። "በ39 ካገኘሁት አልከስርም" ብላለች በሆዷ። ባለ ሌንሱ ሰውዬ ግን 40 አለ። 45 አለ። 50 አለ። አሁን ምን ታድርግ?

ቆም ብለን እናስላ። ለካሜራው የወጣው 61 አንዴ ወጥቷል፣ አይመለስም። ሌንሱን ካጣች እጇ ላይ የሚቀረው የማይሠራ ካሜራ ነው፤ ኪሳራዋ 61። ሌንሱን በ56 ብትገዛ ደግሞ በጠቅላላ 117 አውጥታ ለእሷ 100 የሚያወጣ ነገር ይዛ ትሄዳለች፤ ኪሳራዋ 17። ስለዚህ እያወቀች ትጨምራለች። ሞኝ ሆና አይደለም፤ ሒሳቡ ገፍቷት ነው።

ወይም ደግሞ ይህ እንደሚመጣ ቀድማ ትጠረጥርና ካሜራው ገና 30 ሲደርስ እጇን ትሰበስባለች። ባለ ሌንሱ ባልመጣበት ቀን እንኳ፣ ሁለቱንም በ62 ወስዳ መሄድ ስትችል፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆና ትመለሳለች።

የጨረታ ንድፍ ባለሙያዎች ይህን "የመጋለጥ ችግር" ይሉታል። ፎቶ አንሺዋ መናገር የፈለገችው ነገር አጭር ነበር፦ "ሁለቱንም በ100፤ አለዚያ ምንም።" ተራው ጨረታ ይህን የምትጽፍበት ቦታ የለውም። የጥቅል ጨረታ ማለት ቅጹ ላይ ያንን አንድ መስመር መጨመር ነው። ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። መስመሩ ራስ ምታቱን አያጠፋውም፤ ከተጫራቹ ራስ አንስቶ አጫራቹ ላይ ይጭነዋል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው እያንዳንዱ ደንብ፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ያንኑ ራስ ምታት ከአንዱ ወደ ሌላው ማቀባበል ነው።

የት የት ያጋጥማል?

ካሜራና ሌንስ ለጨዋታ ነው። ትልቁ ጉዳይ ሌላ ቦታ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንድ አየር መንገድ ከአንድ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳበት ሰዓት ቢያገኝና መድረሻው ላይ የሚያርፍበት ሰዓት ቢያጣ፣ ያገኘው ነገር ባዶ ወረቀት ነው። ስቴፈን ራሰንቲ፣ ቨርነን ስሚዝና ሮበርት በልፊን በ1982 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ይዘው ነበር የተነሱት። አየር መንገዶች የሚፈልጉትን የሰዓት ጥቅል ይጠይቁ፣ አሸናፊዎቹን ኮምፒውተር ይምረጥ አሉ። ስሚዝ በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ነው።

የጭነት መኪናም እንደዚያው ነው። ዕቃ አድርሶ ባዶውን የሚመለስ መኪና ለመመለሻውም ነዳጅ ያቃጥላል፤ ያንን ወጪ መሄጃው ላይ ይጭናል። መሄጃውንም መመለሻውንም አንድ ላይ ካሸነፈ ግን ሁለቱንም በቅናሽ ሊሠራ ይችላል። የአሜሪካው የችርቻሮ ኩባንያ ሲርስ በ1990ዎቹ 854 የጭነት መስመሮችን ያጫረተው ድርጅቶች በጥቅል ዋጋ እንዲሰጡ ፈቅዶ ነው።

የሬዲዮ ሞገድ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ነው። የሞባይል ኩባንያ አንድ ከተማ ላይ ፈቃድ ቢያገኝና አጎራባቹን ቢያጣ፣ ወይም የተቆራረጡ ጠባብ ሞገዶች ቢደርሱት፣ ኔትወርኩ ወንፊት ይሆናል። አሜሪካ በሐምሌ 1994 የመጀመሪያውን የሞገድ ጨረታ ስታካሂድ ፖል ሚልግሮም፣ ሮበርት ዊልሰንና ፕሬስተን ማካፊ ባቀረቡት ሐሳብ ሁሉም ፈቃዶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ዙር ተከትሎ ዙር ይመጣል፤ በሁሉም ላይ መጨመር እስኪቆም አንዱም አይዘጋም። 10 ፈቃዶች 617 ሚሊዮን ዶላር አስገኙ። ሚልግሮምና ዊልሰን በ2020 ኖቤል ወሰዱ።

ዘዴው ብልህ ነው። ፎቶ አንሺያችን እዚያ ብትኖር የሌንሱ ዋጋ ሲወጣ እያየች ካሜራውን ሌላ ሰው እንዲበልጣት ትታ መውጣት ትችል ነበር። ግን ልብ በሉ፣ ጥቅል አልተፈቀደም። ሌንሱ በድንገት ከተወደደና ካሜራው ላይ የሚበልጣት ሰው ከጠፋ፣ ካሜራው አሁንም እሷው ላይ ይቀራል። አደጋው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ታዲያ ለምን አልፈቀዱም? አጫራቹ የሚገጥመውን ስለሚያውቁ።

ማን አሸነፈ?

በተራ ጨረታ ይህ ጥያቄ አይደለም። ከፍተኛ ዋጋ የሰጠው አሸነፈ፣ በቃ። በጥቅል ጨረታ ግን ዋጋዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። አራት ሎቶች (ለየብቻ ለጨረታ የቀረቡ ዕቃዎች) አሉ እንበል፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ። አምስት ዋጋዎች ቀርበዋል። አንዱ ሀ እና ለን በ50 ይላል። ሌላው ለ እና ሐን በ70። ሦስተኛው ሐ እና መን በ45። አራተኛው ሀን ብቻ በ10፣ አምስተኛው መን ብቻ በ12።

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው 70 ላይ ነው። እሺ፣ ለ እና ሐ ለእሱ ይሰጡ። የተረፉት ሀ እና መ ናቸው፤ 10 እና 12። ድምሩ 92። ጥሩ ይመስላል። አሁን 70ን ጣሉትና የመጀመሪያውን ከሦስተኛው ጋር አጣምሩ፦ 50 ሲደመር 45፣ 95። ትልቁን ዋጋ የሰጠው ሰው ባዶ እጁን ሄደ፣ ሻጩም 3 አተረፈ። ለተሸናፊው ይህን ማስረዳት እንዴት ደስ እንደሚል አስቡት።

በአምስት ዋጋ ይህ በጣት የሚቆጠር ነው። ሎቶቹ ሲበዙ ግን ነገሩ ከእጅ ይወጣል። 10 ሎቶች 1,023 ዓይነት ጥቅል ይወጣቸዋል። 20 ሎቶች 1,048,575። 30 ሎቶች ከአንድ ቢሊዮን በላይ። አንድ ተጫራች ለእያንዳንዱ ጥቅል ዋጋ ልጻፍ ቢልና በሰከንድ አንድ ቢሞላ፣ ለ20 ሎቶች ሳይተኛ 12 ቀን ይፈጅበታል። ለ30 ሎቶች 34 ዓመት ገደማ።

አጫራቹ ጋ ደግሞ የማይጋጩትን ዋጋዎች መርጦ ትልቁን ድምር ማግኘት አለ። ይህ በኮምፒውተር ሳይንስ ከባድ ከሚባሉት ችግሮች ተርታ የሚመደብ ነው። መጠኑ ምንም ያህል ቢያድግ ቶሎ የሚፈታው ዘዴ እስካሁን የለም፤ ብዙ ባለሙያዎችም ይኖራል ብለው አያምኑም። በተግባር ግን ያን ያህል አያስፈራም። ለዚህ የተሠሩ ሶፍትዌሮች በእውነተኛ ጨረታዎች የሚመጡትን መጠኖች አብዛኛውን ጊዜ ይፈቱታል። ጣጣው ያለው "ትንሽ ብንሳሳትስ?" የሚለው ላይ ነው። በፋብሪካ ምርት ዕቅድ ውስጥ 99 ከመቶ ትክክል የሆነ መልስ ያስመሰግናል። እዚህ ግን 92ን እና 95ን አስታውሱ፤ በሦስት ነጥብ ልዩነት አሸናፊዎቹ ሙሉ በሙሉ ተቀያየሩ። አሸናፊነቱን የተነጠቀ ኩባንያ ጠበቃ አለው።

ስለዚህ ነዳፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠየቁትን ጥቅሎች ይገድባሉ። አንዳንዱ ጨረታ ጥቅሎቹን ራሱ አጫራቹ ቀድሞ ይሠራቸዋል፦ ነጠላ ከተማ፣ ክልል፣ አገር አቀፍ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ። ያኔ አሸናፊውን ማስላት የደቂቃ ሥራ ነው። ፍላጎትህ ከቅርንጫፎቹ ጋር ካልገጠመ ግን፣ ወንድሜ፣ ያው ወደ መጋለጥህ ተመልሰሃል።

ቅጹ ላይ ሌላም ጥቃቅን የሚመስል ነገር አለ። አንድ ሰው ሁለት ጥቅል ጽፎ ቢያስገባ ምን ማለቱ ነው? "ይህንንም ያንንም ባሸንፍ ሁለቱንም እወስዳለሁ" ነው ወይስ "ከሁለቱ አንዱን ብቻ"? አንድ ካሜራ የሚበቃው ሰው ሁለት ካሜራዎች ላይ ዋጋ ቢሰጥና ሁለቱም ቢወድቁበት አስቡት። ብዙ የሞገድ ጥቅል ጨረታዎች የሚከተሉት ሁለተኛውን ነው፦ ከአንድ ተጫራች ቢበዛ አንድ ጥቅል ብቻ ያሸንፋል። ለተጫራቹ አስተማማኝ ነው። ዝርዝሩን ግን ያስረዝመዋል።

ስንት ይክፈሉ?

እኔን በጣም የሚስበኝ እዚህ ያለው ነው፣ ትንሽ ብቆይበት ይቅርታ።

ቀላሉ መልስ "ያልከውን ክፈል" ነው። የዚህ ችግር የታወቀ ነው፤ ማንም እውነተኛውን ዋጋ አይናገርም። በጥቅል ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ፎቶ አንሺዋ ለሁለቱ 90 ሰጥታ እየመራች ነው እንበል። ሰብሳቢው ለካሜራው 40 ብሏል፣ ባለ ሌንሱ ለሌንሱ 35። ድምሩ 75፤ አይበቃም። አብረው ከ90 በላይ ቢያደርሱት ያሸንፉ ነበር፤ አቅሙም አላቸው፣ 60 እና 55 ድምሩ 115 ነው። ግን ማን ይጨምር? ሰብሳቢው 15 ጨምሮ ጉድለቱን ቢሸፍን ባለ ሌንሱ በነፃ ተሳፋሪ ሆነ። ስለዚህ ሰብሳቢው ባለ ሌንሱን ያያል፣ ባለ ሌንሱም ሰብሳቢውን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚህ ጋ ድሮቹ መተባበር ቀርቶ አንዱ ሌላውን "አንተ ቅደም" ሲል ጨረታው ይዘጋል። ጥቅል መፍቀድ ትልልቆችን ከመጋለጥ አድኖ ትንንሾቹን በዚህ ወጥመድ ያስገባል። በ1994 ጥቅል መፍቀድን አስፈሪ ያደረገው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከኢኮኖሚስቱ ዊልያም ቪክሪ የመጣ ነው። መነሻው የ1961 ጽሑፉ ሲሆን ኤድዋርድ ክላርክና ቴዎዶር ግሮቭስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አስፍተውታል። ቪክሪ በ1996 ኖቤል እንደተሸለመ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ሐሳቡ በአንድ ጥያቄ ይገለጻል፦ አንተ በመምጣትህ ሌሎቹ ስንት አጡ? ያንን ክፈል።

በኛ ሰዎች እንሞክረው። ሁሉም እውነቱን ተናግሯል። አሸናፊዎቹ ሰብሳቢውና ባለ ሌንሱ ናቸው፤ 115 ከ100 ይበልጣል። ሰብሳቢው ባይመጣ ኖሮ ፎቶ አንሺዋ ሁለቱንም ትወስድ ነበር፣ ጥቅሙ 100። እሱ በመምጣቱ ለሌሎቹ የደረሰው የባለ ሌንሱ 55 ብቻ ነው። ልዩነቱ 45፤ ይህን ይክፈል። ባለ ሌንሱም በተመሳሳይ፦ 100 ሲቀነስ 60፣ 40 ይክፈል።

የዚህ ውበት የምትከፍለው በሌሎች ዋጋ እንጂ በራስህ አለመወሰኑ ነው። ስለዚህ መዋሸት ምንም አይጨምርልህም። እውነትህን ጽፈህ ትሄዳለህ። ራስ ምታቱ ከተጫራቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ተነሳ።

ግን ደምሩት እስቲ። 45 ሲደመር 40፣ 85። ፎቶ አንሺዋ 100 ይዛ በሩ ላይ ቆማለች! "እኔ 100 እየሰጠሁ በ85 ሸጣችሁት?" ብትል ምን ይመለስላታል?

ይባስ ብሎ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ይበልጥ ፈላጊ ሆኑ እንበል። ሰብሳቢው ለካሜራው 100፣ ባለ ሌንሱ ለሌንሱ 100 ሰጡ። ሒሳቡን መልሳችሁ ሥሩት። ሰብሳቢው ባይኖርም ባለ ሌንሱ ብቻውን 100 ያገኝ ነበር፤ ኖሮም ያው 100 ነው። ማንም ምንም አላጣም። ክፍያው ዜሮ። የባለ ሌንሱም ዜሮ። ፍላጎት ጨመረ፣ የሻጩ ገቢ ከ85 ወደ ባዶ ወረደ። ይህን ያየ አንድ ተንኮለኛ፣ ሁለቱንም ዕቃ ለእሱ 90 ብቻ የሚያወጡለት ሰው፣ ተፎካካሪው ፎቶ አንሺዋ ብቻ ስትሆን በሁለት ስም ተመዝግቦ አንዱን በ100 ሌላውን በ100 ቢጠራ ሁለቱንም በነፃ ይዞ ይወጣል።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ኒውዚላንድ በ1990 የሞገድ ፈቃዶችን ስትሸጥ አሸናፊው የሁለተኛውን ዋጋ እንዲከፍል ደነገገች፤ የቪክሪ ሐሳብ በነጠላ ዕቃ ላይ ይህ ነው። አንድ ኩባንያ 100,000 የኒውዚላንድ ዶላር ሰጥቶ 6 ዶላር ከፈለ። ሌላው 7 ሚሊዮን ሰጥቶ 5,000 ከፈለ። እዚያ ጥፋቱ ተፎካካሪ ማነሱና መነሻ ዋጋ አለመኖሩ እንጂ ጥቅል አልነበረም። ግን ከዚያ ወዲህ የትኛው ሚኒስትር "ሒሳቡ ትክክል ነው" የሚል ማብራሪያ ይዞ ፓርላማ ፊት መቆም ይፈልጋል?

የዛሬው የተለመደ መልስ መሀል ላይ ያለ ነው። ከቪክሪ ክፍያ ተነሱ፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ "እኔ የበለጠ እሰጥ ነበር" የሚል ሰው ወይም ቡድን እስከማይቀር ድረስ ክፍያውን ከፍ አድርጉ፤ ከዚያ አንዲት ሳንቲም አትጨምሩ። በኛ ምሳሌ የጎደለው 15 ነው። እኩል ቢካፈሉት ሰብሳቢው 52.5፣ ባለ ሌንሱ 47.5 ይከፍላሉ። ድምሩ 100። ፎቶ አንሺዋም አፏን ትይዛለች።

ነገር ግን ራስ ምታቱ ሾልኮ ተመልሷል። ሰብሳቢው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ቢናገር ያ 15 በብዛት ወደ ባለ ሌንሱ ሊገፋለት ይችላል። ማታለል ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ብዙ የማያዋጣ ተደርጎ ነው የተተወው።

ሌላ ቅር የሚያሰኝ ነገርም አለ። ክፍያህ በሌሎች ዋጋ ስለሚወሰን ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ወስደው የተለያየ ሊከፍሉ ይችላሉ። ስዊዘርላንድ በ2012 መጀመሪያ በዚህ ዓይነት ጨረታ ሞገድ ስትሸጥ ሰንራይዝ የተባለው የሞባይል ኩባንያ 482 ሚሊዮን ፍራንክ ገደማ ከፈለ፤ ከእሱ የበለጠ ሞገድ የወሰደው ስዊስኮም ደግሞ 360 ሚሊዮን ገደማ። ሒሳቡ አልተሳሳተም። አንዱ የከፈለው ተፎካካሪዎቹ እሱ የወሰደውን ምን ያህል ይፈልጉት እንደነበር ነው። ይህን የተረዳ ተጫራች ደግሞ እንደማያሸንፍ እያወቀ፣ የተቀናቃኙን ሒሳብ ለማስወደድ ብቻ ጥቅሎችን ሊጠራ ይችላል። ተንኮል ነው፣ ግን ደንቡን የጣሰ የለም።

ዙሩ ውስጥ ምን ይታያል?

በታሸገ ፖስታ አንዴ ጽፎ መስጠት አለ፤ በዙር መጫረትም አለ። ዙር የሚመረጠው አንድ ሞገድ ስንት እንደሚያወጣ ማንም በትክክል ስለማያውቅ ነው። የሌላው ዋጋ ትምህርት ነው። ብዙ ጊዜ አጫራቹ ለእያንዳንዱ ሎት ዋጋ ያስነግራል። ተጫራቾች "በዚህ ዋጋ ይህን ጥቅል እፈልጋለሁ" ይላሉ። ፈላጊ ከበዛበት የዚያ ሎት ዋጋ እንደ ቆጣሪ ከፍ ይላል። ፍላጎትና ሎት ሲመጣጠኑ ቆጣሪው ይቆማል፤ ከዚያ በመጨረሻ ፖስታ ተጨማሪ ጥቅሎች ይቀርባሉ፣ ኮምፒውተሩም አሸናፊና ክፍያ ያወጣል። ስዊዘርላንድ የተጠቀመችው ይህንን ነው፤ ብሪታንያም የ4ጂ ሞገዶቿን በ2013 የሸጠችው በዚሁ ነው።

በዙር ውስጥ ቁጭ ብሎ እያዩ መጨረሻ ላይ ዘው ማለት አይፈቀድም። ዋጋ ሲጨምር ፍላጎትህን ማሳነስ ትችላለህ፤ ቀድሞ ዝም ብለህ በኋላ ማብዛት ግን የለም። ካልተጫወትክ መብትህ ይቀንሳል።

ማየት መማርን ያህል መመሳጠርንም ያመጣል። በ1996 በተጀመረ አንድ የአሜሪካ ጨረታ ዩኤስ ዌስትና ማክሊዮድ የተባሉ ኩባንያዎች በሚኒሶታ የሮቸስተር ፈቃድ ላይ ተያይዘው ነበር። የፈቃዱ ቁጥር 378 ነው። ሌላው ተጫራች በአብዛኛው የሚጠራው በድፍን ሺህ ሆኖ ሳለ፣ ዩኤስ ዌስት ከዚያ በፊት ዞር ብሎ ባላያቸው፣ ማክሊዮድ በሚመራባቸው ሁለት የአይዋ ፈቃዶች ላይ ድንገት 313,378 እና 62,378 ዶላር ጠራ። ብዙ ታዛቢዎች መልእክቱን ያነበቡት "ከ378 ውረድልኝ፣ አለዚያ እዚህ እመጣብሃለሁ" ብለው ነው። ስልክ መደወል አላስፈለገም። ከዚያ ወዲህ በብዙ ጨረታዎች ተጫራቹ የፈለገውን አኃዝ አይጽፍም፤ ከተዘጋጁለት ዋጋዎች ይመርጣል፤ ማን ምን እንደጠራም ይደበቃል።

ገዢው አጫራች ሲሆን

እስካሁን ሻጭ ነበር የሚያጫርተው። ግዥም ያው ነው፤ አቅጣጫው ተገልብጦ ርካሹ ያሸንፋል። ቺሊ ከ1997 ጀምሮ የተማሪዎችን ምገባ የምታጫርተው እንዲህ ነው። አገሪቱ በቀጣናዎች ተከፋፍላለች፤ ምግብ አቅራቢ ድርጅቶች በአንድ ቀጣና ወይም በቀጣና ጥቅል ዋጋ ይሰጣሉ። ሁለት ጎረቤት ቀጣና የያዘ ድርጅት አንድ መጋዘንና አንድ የመኪና መስመር ይበቃዋል። ሥርዓቱን የሠሩት ባለሙያዎች በዓመት ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር መዳኑን ገምተዋል። ያ በዓመት 300,000 ልጆችን የሚመግብ ነው።

የለንደን የአውቶቡስ መስመሮችም በጥቅል ዋጋ ይሰጥባቸዋል። እዚህ ጋ አንድ መጠርጠር ያለበት ነገር አለ። ድርጅቱ "ሁለቱን መስመር ብትሰጡኝ በቅናሽ" ሲል ቅናሹ አንድ ጋራዥ ስለሚበቃው ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ነጠላውን ሆን ብሎ አስወድዶ ጥቅሉን ርካሽ አስመስሎት ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው።

ሎቱን ማን ቆረጠው?

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት የሚወሰን፣ ብዙ የማይወራለት ነገር አለ፤ የሎቱ አቆራረጥ። 12 ተመሳሳይ የሞገድ ቁራጮች ካሉ እያንዳንዱን በስሙ ብትሸጥ 4,095 ጥቅሎች አሉ። "ስንት ቁራጭ ትፈልጋለህ?" ብለህ ብትጠይቅ ግን መልሱ ከ1 እስከ 12 ነው። የትኛው ለማን እንደሚደርስ በኋላ በሌላ አጭር ዙር ይደለደላል፤ የእያንዳንዱም ቁራጮች ጎን ለጎን እንዲሆኑ ይደረጋል። ብሪታንያ በ2013 ያደረገችው እንዲህ ነበር። ግማሹ ራስ ምታት ጨረታው ሳይከፈት ተነሳ ማለት ነው።

ታዲያ የኛ ሻጭም ካሜራውንና ሌንሱን በአንድ ካርቶን አድርጎ እንደ አንድ ዕቃ ቢሸጥስ? ጥቅል የለ፣ ኮምፒውተር የለ፣ መጋለጥ የለ። እንየው። ሰብሳቢው ለካርቶኑ እስከ 60 ይሄዳል፣ ምክንያቱም ሌንሱን አይፈልገውም። ባለ ሌንሱ 55 ላይ ይቆማል። ፎቶ አንሺዋ 61 ብላ ካርቶኑን ታቅፋ ትወጣለች፤ ለእሷ 39 ትርፍ ነው። ሻጩ 100 ሊያገኝበት በሚችለው ዕቃ 61 አገኘ። 115 ያወጣ የነበረው ዕቃም 100 ብቻ ለሚያወጣላት ለእሷ ሄደ። ሁለቱ ሰዎች በር ላይ ተነጋግረው "አንተ ካሜራውን፣ እኔ ሌንሱን" ብለው በአንድ ስም ካልተመዘገቡ በቀር። ያኔ ደግሞ ሻጩ ከመጀመሪያው ካርቶኑን ያልከፈተው ለምን እንደሆነ ይጠየቃል።